የፈርዱሳ ዓረፍተ ነገር

ይህን ሚስቴ አታውቅም። የነፍስ አባቴም አያውቁም፤ ጾም መግደፌን ሳይቀር እየነገርኳቸው ይህቺን ሁልጊዜ ዘልያታለሁ። ዛሬ ግን አልዘልም። የምታነቡ ሁሉ እስከ መጨረሻው ስሙኝ፤ ፍረዱ እንጂ አትዘኑልኝ።

በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ፈርዱሳ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ትቀመጣለች። የእኛ ቤት ከዚራ፣ የእነሱ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ። አባቷ በባቡር ጅቡቲ እየተመላለሱ ጨርቅ ይነግዳሉ፤ እሷም የልጅነቷን ግማሽ እዚያ ስላሳለፈች ፈረንሳይኛ ታውቃለች። ቤታቸው የሚነገረው ሶማሊኛ ነው። አማርኛን እንደ ልቧ ብትናገርም ስትጽፍ ፊደል ያሳስታታል፤ ስለዚህ ጽሑፏን ከማስረከቧ በፊት ለእኔ ትሰጠኝና አርምላታለሁ። ልማዳችን ይህ ነበር።

የአማርኛ መምህራችን ቲቸር ግዛው የታሪክ አወቃቀር ያስተምሩን ነበር። ታሪክ ሲጀምር ሦስት ነገር ፈልጉ ይሉናል፤ ረግቶ የነበረ ኑሮ፣ ያንን ኑሮ የሚያናጋ ነገር፣ ደግሞም አንድ ነገር አጥብቆ የሚፈልግ ሰው። ይህንኑ በፊልም እንድንሞክረው ብለው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሲኒማ ቤት ወሰዱን። ፊልሙ የፈረንሳይ ነው፤ ጎረምሳ ተማሪዎች የትምህርት ቤታቸውን ዳይሬክተር የሚያሞኙበት ኮሜዲ። የቤት ሥራችን ስለ መክፈቻው ትዕይንቶች ብቻ መጻፍ ነበር።

መክፈቻው ላይ ዳይሬክተሩ መድረክ ላይ ቆሞ ይናገራል፣ ይናገራል፣ አያባራም። ተማሪዎቹ በፀሐይ ተሰልፈው ይሰማሉ። ከኋላ አንድ ልጅ ከፊቱ የቆመችውን ልጅ ሊያናግር አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋል። የሲኒማ ቤቱ ሳቅ እዚያ ላይ ነው። እኔ ግን ዋናው ገጸ ባሕርይ ዳይሬክተሩ ነው ብዬ ጻፍኩ። ምን ላድርግ፣ በየሳምንቱ ስብሰባ እየተጠራን ያደግን ልጆች ነን። ዋና ሰው ማለት ማይክሮፎኑን የያዘው እንደሆነ ነው የምናውቀው።

ፈርዱሳ ጽሑፏን አመጣችልኝ። «ታሪክ የሚጀምረው ሰው ሲናገር አይደለም፤ አንድ ነገር ፈልጎ መጠየቅ ሲፈራ ነው» ይላል። መድረክ ላይ የቆመው ሰው ለጌጥ ነው፣ ካሜራው የሚከተለው ዝም ያለውን ልጅ ነው ትላለች። አነበብኩት፣ ደግሜ አነበብኩት። ቀናሁ። ሌላ ስም አልፈልግለትም፣ ቀናሁ።

ከዚያ ምን አደረግሁ? ቃል በቃል ገለበጥኩት። እሷን ደግሞ ተሳስተሻል፣ ዋናው ሰው ዳይሬክተሩ ነው፣ ቲቸር የሚፈልጉት ይህንን ነው አልኳት። አመነችኝ። የእኔን ስሕተት በእጇ ጻፈች፤ እኔ የእሷን ሐሳብ በስሜ አስረከብኩ። የመጀመሪያውን ወረቀቷን ስትጠይቀኝ ጠፋ አልኳት። አልጠፋም፤ ደብተሬ ውስጥ ነበር።

ቲቸር ግዛው የእኔን ለክፍሉ አነበቡት። ከዚያም የትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ፈርዱሳ አንገቷን ደፍታ ሰማች። ስንወጣ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች።

«አቦ፣ እኔ ፊደሉን አስተካክልልኝ ነው ያልኩህ።»

ለቲቸር ልትነግርብኝ ትችል ነበር። አልነገረችም።

ሳምንት ሳይሞላ የቀበሌው ካድሬ ጠራኝ። በየእሑዱ ሜዳ ላይ ሰብስቦ በፀሐይ ለሰዓታት ንግግር የሚያደርግልን እሱ ነው። ሰሌዳው ላይ የነበረው ወረቀት አሁን ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ጣቱን «ለጌጥ ነው» የሚለው ላይ አሳረፈ።

«ይህ መድረክ ላይ የቆመው ሰውዬ ማነው?»

የፊልም ሰው ነው አልኩት። ታዲያ መጠየቅ የሚፈራው ማነው፣ በአብዮቱ አገር ማን ማንን ይፈራል አለኝ። ደብተሬን ከፈትኩ፤ የፈርዱሳን ወረቀት፣ በራሷ እጅ የተጻፈውን፣ ስሟ ያለበትን፣ አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩ።

«የእሷ ነው» አልኩ። «እኔ ገልብጬ ነው።»

ልብ በሉ፣ የተናገርኩት እውነት ነው። በዚያ ነገር ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ እውነት ተናገርኩ፤ እሷን የጎዳት ያ እውነት ነው። ምስጋናው ሲመጣ ጽሑፉ የእኔ ነበር፤ መዘዙ ሲመጣ ለባለቤቱ መለስኩ። ፈርቼ ነው? አዎ፣ ፈርቼ ነው። ግን ወረቀቷን ገልብጬ ስጨርስ ለምን አልቀደድኩትም? ለምን ደብተሬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ? ከአርባ ዓመት በላይ ራሴን የጠየቅሁት ይህን ነው። መልሱንም አውቀዋለሁ። እንዲህ ያለ ቀን ቢመጣ ብዬ ነው።

ቀበሌ አሰሯት፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን። ማትሪክ በመካከሉ አለፈ፤ እኔ ስፈተን ለእሷ የተመደበው ወንበር ከፊቴ ባዶ ነበር። እንደተፈታች አባቷ ጅቡቲ ወሰዷት። ቲቸር ግዛውን ሩቅ ወረዳ አዛወሯቸው። እኔ አለፍኩ፤ የአማርኛ መምህርም ሆንኩ። ይባስ ብዬ ያንን «ታሪክ የሚጀምረው» የሚለውን ዓረፍተ ነገሯን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፈው ጀመር። ተማሪዎቼ የቲቸር አባባል ይሉታል። እኔም አላረምኳቸውም።

ባለፈው ወር ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ ስጦታ ሰጡኝ። ዓረፍተ ነገሩን በወርቃማ ቀለም አስጽፈው፣ መስተዋት ባለው ፍሬም አስገብተውታል፤ ከሥሩ የእኔ ስም። አጨበጨቡልኝ፣ አመሰገንኳቸው። ቤቴ ገብቼ የፍሬሙን ጀርባ ፈታሁ፤ ስሜን ቆርጬ ጣልኩ፤ በቦታው ፈርዱሳ ብዬ ጻፍኩ።

ፈርዱሳ ከጅቡቲ ከተመለሰች ቆየች። መጋላ ጨርቅ ትሸጣለች። ሱቋን አውቀዋለሁ፤ ስንት ዓመት በሌላ መንገድ ዞሬ አልፌያለሁ። ነገ ጠዋት ግን የደቻቱን ድልድይ ተሻግሬ እገባለሁ። ፍሬሙን እሰጣታለሁ። ወረቀቷ ያኔ እንዳልጠፋ፣ ለካድሬውም የሰጠሁት እኔ መሆኔን ከአፌ ትሰማለች።

ይቅር እንድትለኝ እፈልጋለሁ፤ አጥብቄ እፈልጋለሁ። ግን አልጠይቃትም። ፈርቼ አይደለም። የእሷ የሆነውን አንድ ጊዜ ወስጃለሁ፤ ይቅርታውም የእሷ ነው።