እናቲቱ የጎማ ዛፍ

ዓለምእሸት ከደሴ መጥታ መቀሌ ስትዳር ብዙ ነገር እንግዳ እንደሚሆንባት ጠብቃ ነበር። አማቷ ተክልን እንደ ሰው የሚያስታምሙ ሴት ናቸው ብሎ ግን ማንም አልነገራትም። ባሏ ፍሰሃ እንኳ «እናቴ ሓድነት ሰፈር ውስጥ አበባ ትሸጣለች» ብቻ ነው ያላት። አጠገቡ ያደገውን ነገር ሰው መቼ አስተውሎ ያያል።

ሱቋ ሱቅ ለመባል ግድግዳ ይጎድላታል። በሁለት ቤቶች መሃል የተረፈች ቦታ ናት፤ ከላይ አረንጓዴ መረብ ተወጥሮባታል፣ ከፊቷ ባጃጅ ሲርመሰመስ ይውላል። ወይዘሮ ኣኽበረት ጠዋት ሲገቡ ለሰው ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት ተክሎቻቸውን ይዞራሉ። ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ሰደድ ያደርጋሉ፣ ቅጠሉን ገልብጠው ሆዱን ያያሉ፣ ሸክላውን ኳ ኳ አድርገው ጆሯቸውን ይሰጣሉ። የጠማው ሸክላ ድምፁ ጥርት ይላል፣ የጠገበው ይታፈናል። ዓለምእሸት መጀመሪያ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ታዞር ነበር። አንድ ቀን ማንም ሳያያት ሞክራው ልዩነቱን በገዛ ጆሮዋ ስትሰማ ግን ሳቁም ቀረ፤ ቆማ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ገዢን አይምሩም። ተክል ቴሌቪዥን ላይ የሚያስቀምጥ፣ በየቀኑ ውሃ የሚያጠጣ፣ ሲደርቅበት «የሸጡልኝ የታመመ ነው» ብሎ የሚመለስ ሁሉ ድርሻውን ያገኛል። ቅጠሉ የወየበ ተክል ገዢ ቢለምንም አይሸጥም፤ ጓሮ ገብቶ ይታከማል። ሰው አንዱን መርጦ ሲያነሳ ደግሞ የቤቱ መስኮት ወዴት እንደሚዞር፣ ውሃ የሚያጠጣው ማን እንደሆነ ይጠይቁታል፤ ሴት ልጃቸውን የሚድሩ ነው የሚመስለው። አንዳንዱ ተናዶ ይሄዳል። እሳቸው ምንም አይመስላቸውም።

ከሱቁ ጥግ ላይ የማትሸጥ አንዲት የጎማ ዛፍ ነበረች። ቅጠሏ ሰፊና ወፍራም፣ ግንዷ የሰው ክንድ ያህላል። በሱቁ ያሉት የጎማ ዛፎች በሙሉ ከእሷ እየተቆረጡ የተተከሉ ስለሆኑ ሁሉም ሰው «እናቲቱ» ነው የሚላት። በጦርነቱ ጊዜ፣ ውሃም መብራትም በጠፋበት፣ ወይዘሮ ኣኽበረት ፊታቸውን የታጠቡበትን ውሃ እያካፈሉ አቆይተዋታል። ከዚያ ወዲህ ሌላውን ተክል ሲመረምሩ እሷን በፍቅር ደባብሰው ብቻ ያልፋሉ።

የመቀሌ ውሃ ኖራ አለበት። ማንቆርቆሪያው ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፣ በርሜሉ ዳር ዳሩን ይነጣል፣ ውሃ የነካው ቅጠልም ሲደርቅ ነጭ ነጥብ ይቀርበታል። እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው ነጭ ነገር ሲያይ «ኖራ ነው» ብሎ ያልፋል። ወይዘሮ ኣኽበረትም ቅጠል ላይ ያዩትን ኖራ ሎሚ በነካ ጨርቅ ይወለውሉታል፤ የእናቲቱን ግን ቅጠሏ እንዳይጎዳ እያሉ አይነኩትም ነበር።

የፋሲካ ጾም ሊፈታ ሲቃረብ የሠርግ ወቅት መጣ። የሠርግ አዳራሽ የሚያስጌጠው ሓየሎም የሱቁን ጎማ ዛፎች በሙሉ አዘዘ። ተክሎቹ አብረቅርቀው እንዲሄዱ ዓለምእሸት አንድ በአንድ ስትወለውል ዋለች፤ ሥራው ሲጥማት እናቲቱንም ጀመረቻት። ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ስርጉድ ውስጥ ያለው ነጭ ነገር ግን በሎሚ አልለቅ አላት። በጥፍሯ ስትጫነው ፈንድቶ ሐምራዊ ፈሳሽ ወጣው። ጠጋ ብላ ስታይ በግንዱ ላይ ጉንዳን ተሰልፎ ይወጣል፣ ይወርዳል። የደሴ ማንቆርቆሪያ አይነጣምና ዓለምእሸት ነጭ ነገር አይታ የማለፍ ልማድ የላትም።

«አደይ፣» ብላ ጠራቻቸው፤ እዚህ እናትን የሚጠሩት እንደዚያ ነው። «ይሄ ነገር እግር አለው።»

ወይዘሮ ኣኽበረት ከሩቅ ኖራ ነው አሏት። ቀጥለው መጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለዋውጧል። ከእናቲቱ ወደ ልጆቿ ሄደው ስርጉዱን ሁሉ ፈለፈሉ፤ ጥጥ የመሰለው ተባይ በብዙዎቹ ውስጥ ተኝቷል። በመጨረሻ የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አሉ። ስንት ጊዜ በዚህ እጄ ዳበስኳት ይላሉ ለራሳቸው፣ ስንት ጊዜ።

ሓየሎም መኪና ይዞ ሲመጣ ተክሎቹ ከመቼውም ይልቅ አምረው ቆመዋል። አይሸጡም አሉት። የአንድ ቀን ማሳመሪያ ነው፣ የቅጠል ብብት የሚያይ ሠርገኛ የለም ብሎ ተከራከረ። ቃል የገቡለትንም አስታወሳቸው፤ ይሄ እውነት ነበርና አንገታቸውን ደፉ። ግን አልተበገሩም።

«ሠርጉ ሲያልቅ ዘመድ ተከፋፍሎ ወደየቤቱ ይወስደዋል፣ አንተም ታውቃለህ» አሉት። «ይሄ ተባይ ከሙሽራዋ ቀድሞ ይወልዳል።»

ሓየሎም ሳይወድ በግዱ ሳቀ፤ ቢሆንም ባዶ መኪናውን ይዞ ወደ ሌላ ሱቅ ሄደ። የዓመቱ ዋና ገበያ አብሮት ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዓለምእሸት ለፍሰሃ ስትነግረው ቃል ያጥራታል። አማቷ በሳሙና ውሃና በአልኮል ጥጥ እየነከሩ እያንዳንዱን ስርጉድ ያጥባሉ፤ የማይድነውን ለይተው ያቃጥላሉ። ሌሎቹ አበቦች ዳኑ። የጎማ ዛፎቹ ግን አንድም የሚታመን አልተረፈም። እናቲቱማ በታጠበች ቁጥር ተባዩ ከግንዷ ስንጥቅ ተመልሶ ይወጣል። ከሸክላዋ ሲያወጧት ሥሯም በተባዩ ነጭ ሆኗል። ጎረቤት ሁሉ ሊያስተዛዝን መጥቶ ጓሮ ትቀመጥ፣ በጦርነት ያልሞተች ዛፍ አትቆረጥም ይላል። ፍሰሃም እናቱን ለመናቸው።

«ለሌላው ያልራራሁትን ለእሷ ልራራ?» አሉና መጋዙን አመጡ።

ግንዷ ሲቆረጥ ወተቷ በእጃቸው ላይ ወረደ። እያለቀሱ ነበር የሚቆርጡት፤ ዓይናቸውን ለመጥረግ እንኳ አላቆሙም። ዓለምእሸት እንዲህ የሚወደውን ነገር በገዛ እጁ የሚቆርጥ ሰው አይታ አታውቅም። ፈራቻቸው፤ በዚያው ልክ ደግሞ ወደደቻቸው።

እሳቱ ሲበርድ ወይዘሮ ኣኽበረት እናቲቱ ሌላ ልጅ አላት አሉ፤ ከጦርነቱ በፊት የሸጡላት፣ ዓይደር ሰፈር አንድ ክሊኒክ ውስጥ የምታጸዳ ጁዋይሪያ የምትባል ሴት ዘንድ። ቁራጭ እንለምናት ብለው ተነሱ። በሚኒባስ ሄዱ። ወይዘሮ ኣኽበረት በሕይወታቸው ቁራጭ ሰጥተው እንጂ ለምነው አያውቁም ነበር።

ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ሁለቱም ቆሙ። የጎማ ዛፏ ከወለሉ ተነስታ ጣሪያ ነክታለች፤ ጣሪያው ሲያግዳት ጎንበስ ብላ ወደ መስኮቱ ሄዳለች። ተራ የሚጠብቁ ሕመምተኞች በሥሯ ተቀምጠዋል። ቅጠሏ ላይ የአቧራ ምልክት የለም። ወይዘሮ ኣኽበረት ነጠላቸው ከራሳቸው እስኪንሸራተት ቀና ብለው አዩዋት። «ከእናቷ በለጠች» አሉ በሹክሹክታ።

ጁዋይሪያ መጥረጊያዋን አስቀምጣ በደስታ ሳመቻቸው። ለምን እንደመጡ ነገሯት፦ እናቲቱ በተባይ እንዳለቀች፣ በሱቁ ዘር እንዳልቀረ፣ ከዚህች አንዲት ቅርንጫፍ እንደሚሹ። እየተናገሩም እጃቸው ሳያስቡት ወደ ቅጠሉ ሄደ። ጁዋይሪያ መሃል ገባች።

«አይንኩብኝ እናቴ» አለች። «ከታመመ ተክል የመጣ እጅ ጤነኛውን አይነካም። ቅርንጫፉ የእርስዎ ነው፤ ግን ታጥበው፣ ልብስ ቀይረው፣ ሱቁ ከተባይ ሲጠራ ይምጡ። ሲሸጡልኝ ያስማሉኝ እርስዎ ነዎት።»

ዓለምእሸት ደሟ ፈላ፤ በገዛ ዘራቸው እንዴት ይከለከላሉ ልትል አፏን ከፈተች። ወይዘሮ ኣኽበረት ግን እጃቸውን ሰብስበው ወደ ኋላቸው ደበቁት፤ ጥፋት ላይ እንደተያዘች ልጅ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፤ ፊታቸው ግን ዓለምእሸት አይታው በማታውቀው ደስታ በርቷል። እሺ አሏት፣ ልክ ነሽ አሏት፣ መርቀዋትም ወጡ።

ሚኒባሱ ውስጥ መዳፋቸውን ጭናቸው ላይ ገልብጠው ያዩት ጀመር። ዓለምእሸት ምን ልበላቸው ብላ ስትጨነቅ እሳቸው ቀደሟት።

«ዕድሜዬን ሙሉ ገዢ ስቆጣ የሚሰማኝ ያለ አይመስለኝም ነበር፣ ጓለይ፣ ልጄ» አሏት።