ሚስ ሩት ጥሩዬን የጠራችበት ቀን

ግቢዬ ውስጥ ዶሮዎቼ ውኃ የሚጠጡበት የእንስራ ስባሪ አለ። ዘንድሮ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመታው የረጠበ ሸክላ ሽታ እስከተቀመጥኩበት በረንዳ ድረስ መጣ። ልጄ «እማ፣ ይኼን ስባሪ ልጣልልሽ፣ የፕላስቲክ ሳህን ሞልቶ!» ትለኛለች። ተይው እላታለሁ እንጂ ምክንያቱን ነግሬያት አላውቅም።

በልጅነቴ ወረታ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ጥቂት ቤቶች ነበረች። ፎገራ ሜዳ ላይም ሩዝ አይታወቅም፤ የርብ ወንዝ ሲሞላ ሜዳው ሐይቅ ይሆናል፣ ውኃው ሲሸሽ ሣሩ ከብቱን እስከ ሆዱ ይውጠዋል፣ ከሣሩ ጋር ደግሞ ወባ ይመጣል። ሚስ ሩት የመጣችው ውኃው በሸሸበት ወራት ነው። ወጣት ለማስተማር ከባሕር ማዶ በፈቃዷ የመጣች ናት ሲባል አባቴ «አገሯ ወጣት የለም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ፤ ቢሆንም ከግቢያችን አንዱን ክፍል አከራያት። ስሟ ከመጽሐፍ ቅዱስ ሆኖ በመገኘቱ እናቴ ደስ ብሏት ወዲያው ልጇ አደረገቻት። አማርኛዋ ግን ጉድ ነበር፤ የነፍስ አባታችንን «አንቺ ደህና ነሽ?» ያለቻቸው ቀን እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ወደ ጓዳ ሮጠች።

ከትምህርት በኋላ እኛን ትልልቆቹን ተማሪዎች ሰብስባ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የአትክልት ቦታ አስቆፈረችን። ካሮትና ቲማቲም እየኮተኮትን እንግሊዝኛ እናወራለን፤ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ከአንድ እንስራ እየቀዳን፣ አንዱን ጣሳ እየተቀባበልን ጠጥተን እንለያያለን። እንስራውን የሠራችው የጥሩዬ እናት ናት። ጥሩዬ የክፍላችን ልጅ ነበረች፤ ቤቷ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ የሰፈሩበት ጉብታ ላይ ነው። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ተብሎ ይፈራል። የሠሩትን ገዝተን እንጠጣበታለን፣ ከእነሱ ጋር ግን አንጠጣም። ስለዚህ ጥሩዬ ጣሳውን ሳትነካ፣ እፍኟን ዘርግታ ከላይ እየተፈሰሰላት ትጠጣ ነበር። እኛ ከማየት ብዛት አናየውም።

ሚስ ሩት አየችው። አንድ ቀን ጣሳውን ሞልታ ለጥሩዬ በእጇ ሰጠቻት፤ ጥሩዬ እያፈረች ጠጣች፤ የተረፈውን ሚስ ሩት ራሷ ጨለጠችው።

«ኧረ ሚስ! ትበላሻለች!» አለ ከልጆቹ አንዱ።

«እሷ ቀጭን ናት፣» አለች ሚስ ሩት እየሳቀች፣ «ትብላኝ!»

ሁላችንም ሳቅን፤ ጥሩዬም ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አልተለያዩም። የስምንተኛ ክፍል ፈተና እየቀረበ ስለነበር ሚስ ሩት ለብቻዋ ታስጠናት ጀመር፤ ካለፈች ጎንደር ሄዳ ትማራለች፣ አስተማሪም ትሆናለች፤ ጥሩዬ ሌላ ወሬ አልነበራትም።

ፈተናው ሊደርስ ሲል ሚስ ሩትን ወባ ጣላት። ትኩሳቱ ጸናባትና በቀትር ትቃዥ ጀመር። በእኛ አገር ቡዳ የበላው ሰው ይለፈልፋል፤ ሲለፈልፍ የሚጠራው ስም የበላው ሰው ስም ነው ይባላል። እናቴና ጎረቤቶቿ አልጋዋን ከብበው ይኼንኑ ይጠብቁ ነበር።

«ጥሩዬ...» አለች ሚስ ሩት። «ጥሩዬ... ጥሩዬ...»

«ለፈለፈች!» አለች አንዷ ጎረቤት ደረቷን እየመታች።

የበላ ሰው እንትፍ ሲልበት በሽተኛው ይለቀቃል ስለሚባል ጥሩዬን አስመጧት። ሕመምተኛ እንድትጠይቅ የተጠራች መስሏት የትምህርት ቤት ቀሚሷን ለብሳ፣ አንድ እንቁላል ይዛ መጣች።

«እንትፍ በይባት» አለቻት እናቴ።

«እትዬ፣ እኔ ምን አደረግሁ?»

«ከወደድሻት እንትፍ በይባት ልጄ። ትሙት ወይ?»

እናቴ እያለቀሰች ነበር። ክፋት አልነበረባትም፤ ልታድናት ነው። ጥሩዬ ግን እምቢ ብትል ገዳይ ልትባል፣ እሺ ብትል በላሁ ብላ ማመኗ ሊሆን ነው። እንቁላሉን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ጎንበስ ብላ እንትፍ አለችባት። የወባ ትኩሳት እንደሚያደርገው ጊዜው ደርሶ ኖሮ፣ ሚስ ሩት ላብ በላብ ሆነች፤ ትንሽ ቆይታም በረደች፤ ዓይኗን ገለጠች። ቤቱ እልልታ ሆነ። ጥሩዬ አላለቀሰችም፤ በጣቶቿ ከንፈሯን እየዳሰሰች አልጋው ላይ ያለችውን ታያለች። ያን ጊዜ ራሷም ያመነች መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ከጉብታው ዕቃ የሚገዛ ጠፋ፤ ዱላ ይዘው የወጡም ነበሩ። ሸክላ ሠሪዎቹ ጓዛቸውን በአህያ ጭነው ሄዱ፤ አንዱ ወደ ሐሙሲት አለ፣ አንዱ ከዚያም ወዲያ። ጥሩዬ ለፈተናው አልተቀመጠችም።

ሚስ ሩት መቆም ስትችል መጀመሪያ የጠየቀችው «ጥሩዬ የት አለች?» ብላ ነው። እናቴ እንደ ምሥራች ነገረቻት፤ «አንቺው ነሽ ልጄ የጠራሻት። እግዜር ይመስገን፣ ለቀቀችሽ።»

ሚስ ሩት አልጋው ጠርዝ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ከዚያ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «ውኃ» አለች። «ጠማኝ። ጥሩዬ፣ ውኃ ስጪኝ... እሱን ነበር።»

ጉብታው ላይ ወጥታ ያገኘችው ሸክላ ይተኮስበት የነበረው ቦታ ላይ የቀረ አመድና ስብርባሪ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ወደ አገሯ እስክትመለስ ድረስ የማናችንንም ስም ጠርታ አታውቅም። በጣቷ እየጠቆመች አንተ፣ አንቺ ትለን ነበር፤ አሁን ሳትሳሳት። አትክልቱ ውኃ የሚያጠጣው አጥቶ ደረቀ፤ እንስራውን እናቴ ወደ ቤት አመጣችው።

ዛሬ ጉብታው ላይ ወፍጮ ቤት ቆሟል፤ ሜዳው ሩዝ ለብሷል፤ ውኃ የሚቀዳው በጀሪካን ነው። እንስራ የሚሠራ ሰው በአካባቢያችን ከጠፋ ቆየ። ፍርሃቱ ግን አልጠፋም፤ ባለፈው ሰሞን የጎረቤት ሕፃን ቢታመም፣ በስልክ የሚያነጋግሩት ሐኪም ያላቸው ሰዎች «ማን አይቶት ነው?» ሲባባሉ ሰምቻለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ትምህርት ቤቱ ምን ሲያስተምር እንደኖረ አላውቅም። ጥሩዬም ትኑር፣ አትኑር አላውቅም።

ወባ አሁንም አልተወኝም። ትኩሳቱ ሲነሣብኝ የነጠላዬን ጫፍ በጥርሴ ነክሼ እተኛለሁ፤ ስቃዥ የሰው ስም ከአፌ እንዳይወጣ። ልጄ ጥርሴን የነከስኩት ብርድ አንቀጥቅጦኝ እየመሰላት ብርድ ልብስ ትደርብልኛለች።