ለተቆጣጣሪው የሰጠሁት መልስ

ሻርጃ፣ ሙዋይለህ ሰፈር ያለውን የአባያ ስፌት ቤት የከፈትኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ዛሬ የሚያምነኝ ስለሌለ ነው።

ፈቃዱ የወጣው በቤት ሠራተኝነት ባገለገልኳት በማዳሜ የመጨረሻ ልጅ ስም ነበር። ከአራስነቷ ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ አፏን የፈታችውም «ማማ» ብላ እኔን በመጥራት ነው። ከቤታቸው ወጥቼ ስፌት ልጀምር ስል፣ «በስሜ ይውጣ፣ ቤቱ ግን ያንቺ ነው» አለችኝ። ዱባይ ካራማ የምትኖር፣ ባንክ የምትሠራ ጓደኛዬ፣ «እባክሽ በወረቀት አድርጉት» ብትለኝ ተቆጣኋት። ጡጦ ይዤ ያሳደግኋትን ልጅ ፈርሚልኝ ልበላት? ነውር መሰለኝ።

ስድስት ዓመት ሰፋሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እየተጠራሩ ይመጡልኝ ነበር።

አምና ልጅቷ እየሮጠች መጣች። መንግሥት አነስተኛ ንግድ ላላቸው ወጣት ዜጎች ያበድራል፤ አዳዲስ ማሽኖች እናስገባለን አለች። ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ፤ የኔዎቹ አርጅተው ነበር። ብድሩ የሚሰጠው ግን ዜጋው ራሱ ለሚሠራው ንግድ ብቻ ነው። ተቆጣጣሪ መጥቶ ይጠይቃል።

«ማማ፣ የምትሠራው እሷ ናት በይልኝ፤ ለአንድ ቀን ነው፤ ከዚያ ኸላስ» አለችኝ።

ተቆጣጣሪው ትሑት ሰው ነበር። አሥር ጊዜ ፈትቼ የሰፋሁትን አባያ እያሳየ፣ «ይህን ማን ነደፈው?» አለኝ።

«እሷ።»

«አንቺስ?»

«ሠራተኛ ነኝ።»

ጻፈና አስፈረመኝ። በዚያ ቤት ጉዳይ የፈረምኩት ወረቀት እሱ ብቻ ነው።

ብድሩ ተፈቀደ፤ ማሽኖቹ ገቡ። ሥራ አስኪያጅም ተቀጠረ። ሰውየው በወሩ ዓይንሽ ደክሟል ብሎ ከስፌት አንስቶ ካውያ ላይ አቆመኝ። ካውያውን ትቼ ልጅቷ ዘንድ ሄድኩ።

«ሙሽኪላ የለም ማማ፣ ደሞዝሽ አይነካም» አለች።

«ቤቱ የማን ነው?» አልኳት።

ግራ ገብቷት አየችኝ። «የኔ ነዋ። ምን ሆነሻል?»

ብትዋሸኝ ይሻለኝ ነበር። ለብድሩ ሰዎች ደጋግማ ስትናገረው የምሯን አምናዋለች። ቪዛዬ በዚያው ስፌት ቤት ስም ነው፤ ብለቅ አገሬ መግባት ነው፣ ባዶ እጄን። ስለዚህ አሁንም ጠዋት ጠዋት አጅማን ከተከራየኋት አልጋ፣ ከቢድ ስፔሴ ተነስቼ በአውቶቡስ እሄዳለሁ፤ እተኩሳለሁ።

በሷ አልፈርድም። እነሱ ቤት ሳሳድጋት የኔ የምለው ነገር አልነበረኝም፤ ስለዚህ «ይሄ የኔ ነው፣ አትንኪ» ብያት አላውቅም።