የፑል ማኅበራችንና የልብስ ሰፊዋ መስኮት

ፑል የሚባለው ጨዋታ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ነጩ ኳስ እየዞረ ሌሎቹን ሁሉ ይመታል፤ እሱ ጉድጓድ ከገባ ግን ጥፋቱ የመቺው ነው። ጥቁሩን ኳስ ለማስገባት ሁሉም ይመኛል፤ ቀድሞ ያስገባው ደግሞ ይሸነፋል። የልጄ ባል፣ አማቼ፣ ደጋግሞ አስረድቶኛል። ሲያስረዳኝ ይገባኛል፣ ሲጨርስ ይጠፋኛል። እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ የፑል ማኅበር ሊቀመንበር የነበርኩት።

ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ከገባ ዓመታት አልፈው ነበር። ባሌን ቀብሬ፣ ልጆቼን ድሬ፣ ሐዋሳ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቼ እሸጥ ነበር። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የቀረውን ከሰው ጋር ስጨቃጨቅ ተምሬዋለሁ። ቤቴ ጠባብ ስለሆነ ድሮ የበቆሎ መጋዘን የነበረ አንድ ሰፊ ክፍል ከአንዲት ልብስ ሰፊ ጋር ለሁለት ተከራይተን ነበር። ልጅቷ ከሐዋሳ ወጣ ብላ ያለችው የቡሹሎ መንደር ልጅ ናት፤ ዝምተኛ፣ ጴንጤ፣ ስትሰፋ በሲዳምኛ መዝሙር የምታንጎራጉር። እኔ በዓል አክባሪ፣ እሷ በዓል የማታውቅ፤ እንዲያም ሆኖ አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተለዋወጥንም።

ክፍሉን የከፈልነው በአቡጀዴ መጋረጃ ነው። መስኮቱ አንድ ብቻ ነበርና ወደ እሷ አደረግነው። ልብስ ሰፊ ብርሃን ትፈልጋለች፣ በርበሬ ደግሞ ጨለማ ይወዳል። ይህን ለውለታ ያደረግኩት የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። ልክ ስለሆነ ነው ያደረግኩት።

ጉልበቴ ሲደክም ንግዱን ቀነስኩ። ጆንያዎቼ ከተደረደሩበት ጥግ በቀር የእኔ ወገን ባዶ ሆነ። ይህን ያየው አማቼ አንድ እሁድ ከአንድ የቀበሌ ሠራተኛ ጓደኛው ጋር መጣ። አማቼ አስተማሪ ነው። በዚያን ሰሞን መሃል ከተማ ያሉት ፑል ቤቶች ዛሬ ይከፈታሉ፣ ነገ ይዘጋሉ። ጫት ይቃምባቸዋል፣ ቁማር አለባቸው እየተባለ ፖሊስ ይገባባቸዋል። እሱ ደግሞ ጨዋታውን ይወዳል፣ ተማሪዎቹ እያዩት ከፑል ቤት ተጎትቶ መውጣትን ግን ይፈራል።

«እማማ፣ ማኅበር ልናቋቁም ነው» አለኝ።

«ጎሽ። የማን? የገብርኤል ነው የሚካኤል?»

«የፑል።»

እያሾፈ መስሎኝ ነበር። አላሾፈም። ራሳቸውን የቻሉ ጥቂት የመንግሥት ሠራተኞች እንደ እድር እያዋጡ ጠረጴዛ ሊገዙ፣ አባል ያልሆነ ሳያስገቡ፣ ያለ ቁማርና ያለ ጫት ከሥራ በኋላ ሊጫወቱ ነው። የጎደላቸው ቤት ነው።

«ቤቱን ከሰጠሁ እኔም አባል ነኝ» አልኳቸው። «በገዛ ቤቴ እንግዳ አልሆንም።»

የቀበሌው ሰው ሳቀ። «አባል ብቻ? ሊቀመንበር ነዎት እንጂ!»

ለእኔ ሳቀ ወይስ በእኔ ሳቀ፣ ያን ቀን አልለየሁትም። ሹመቱ ግን ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም።

ጠረጴዛው በጋሪ መጣ። ስድስት ወንዶች እየተሰዳደቡ ተሸክመው አስገቡት። አማቼ አስቀድሞ በሜትር ለክቶ ስለነበር ልክ ገባ፤ በአንድ በኩል የእኔ ጆንያዎች፣ በሌላ በኩል መጋረጃው፣ በመሃል አረንጓዴው ጠረጴዛ። ሁሉም አጨበጨበ። የቀበሌው ሰው ስለ ጤናማ መዝናኛ አጭር ንግግር አደረገ፤ የእሱ አጭር ንግግር እንኳ ቆሞ የሚሰማውን ሰው ያስቀምጣል። ከዚያ የመጀመሪያው ምት ለእሱ ተሰጠው። የመምቻውን ዘንግ ያዘ፣ አጎነበሰ፣ ክርኑን ወደ ኋላ ሳበ።

«ውይ!» አለ መጋረጃው።

የዘንጉ ጭራ መጋረጃውን አልፎ የልብስ ሰፊዋን ትከሻ ወግቷት ነበር።

ጠረጴዛውን ለክተዋል፣ ክፍሉን ለክተዋል። ዘንግ ይዞ የሚያጎነብስ ሰው የሚፈልገውን ቦታ ግን ማንም አልለካም። ስንት የተማረ ሰው ባለበት! እኔም እዚያው ቆሜ አጨበጭብ ነበርና በማን ልፍረድ።

ያኔ ስብሰባ የማይደረግበት ጉዳይ አልነበረም። ቀበሌው ይሰበስባል፣ መሥሪያ ቤቱ ይሰበስባል፣ ትምህርት ቤቱ ይገማገማል። ሰው ከመልመዱ የተነሳ ለጨዋታ ሲገናኝም ይሰበሰብ ነበር። በማግስቱ ጠረጴዛውን ከበን ቆምን፤ የቀበሌው ሰው አጀንዳ አስያዘ። አጀንዳው መጋረጃው አንድ እርምጃ ወደዚያ ይሂድ የሚል ነው።

«የእሷ ቦታ ነው» አልኩ።

«ለጊዜው ነው፣ እማማ። የደገፈ እጁን ያውጣ።»

እጆች ወጡ። የአማቼም እጅ ወጣ፤ ዓይኑን ግን ከእኔ አሽሽቶ ኳሶቹን ይቆጥራል።

«በድምፅ ብልጫ ተወስኗል።»

ምን ልበል? ድምፅ ብልጫን በእድራችንም እናውቀዋለን። ማንም አልጮኸብኝም፣ ማንም አላታለለኝም፣ የተቃወመ ተብዬም ተጠየቅኩ። ሁሉ ነገር በወጉ ሆነ። ታዲያ ቤቴ ስገባ አንድ ነገር እንደተሰረቀብኝ ይሰማኛል፣ የተሰረቀው ግን የእኔ አይደለም፤ ሌባውም ደግሞ ሌባ አይመስልም፣ ያውም «እንደምን አመሹ» ብሎ ብድግ የሚልልኝ ሰው።

መጋረጃው አንድ እርምጃ ሄደ። ቀጥሎ ጥጉ ላይ ያለውን ኳስ መምታት አልተመቸም ተብሎ እንደገና ስብሰባ፣ እንደገና እጅ፣ እንደገና እርምጃ። ክረምቱ ሲገባ መስኮቱ ወደ ፑሉ ወገን ሆኖ ቁጭ አለ። የሐዋሳ የነሐሴ ሰማይ ሲጠቁር መብራት ያስፈልጋል፤ መብራቱ ደግሞ ይሄዳል። ልጅቷ ሥራ የሚበዛባት በዚያ ወር ነው፤ ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሚቃረብ የደንብ ልብስ ሲሰፋ። ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ በጥቁር ሰማያዊ ክር። አንድ ቀን መጋረጃውን ገልጬ ብገባ፣ በበሩ ስንጥቅ በሚገባው ብርሃን ልትሰፋ የስፌት መኪናዋን ወደ በሩ አስጠግታ አየኋት። ጉልበቷ ላይ ያለውን ሸሚዝ ትፈታለች። የግራውን እጅጌ ቀኝ ላይ ሰፍታዋለች።

«አንቺ ልጅ፣ ለምን አትናገሪም?»

«ግድ የለም፣ እማማ።»

«ምኑ ነው ግድ የሌለው?»

«ለመስከረም ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ። ለአከራዩም ነግሬያለሁ። እነሱም ሰፋ ይበልላቸው፤ ደግ ሰዎች ናቸው።»

ይህን ወሬ የቀበሌው ሰው ቀድሞኝ ሰምቶታል። «ራሷ ፈቅዳ ነው የምትወጣው» እያለ ደስ ብሎታል፤ እሷ ስትወጣ ክፍሉ በሙሉ የማኅበሩ ሊሆን ነው። ሌላ ቦታ የሚባለው ደግሞ የት እንደሆነ እናውቃለን። ከተማ ውስጥ ለአንዲት የስፌት መኪና የሚሆን ክፍል ጠፍቶ ነው እኮ መጀመሪያውኑ ከእኔ ጋር የተዳበለችው። የምትመለሰው ቡሹሎ ወላጆቿ ቤት ነው። እዚያ ደግሞ የደንብ ልብስ አሰፍቶ የሚወስድ ደንበኛ አይመጣላትም።

«መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይ? እሱን ነው የምጠይቅሽ» አልኳት።

«እነሱ ከወሰኑ...»

«እነሱን አልጠየቅኩም! አንቺን ነው።»

መርፌዋን አስቀምጣ ቀና አለች። ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «እማማ» አለችኝ፣ «እርስዎም እኮ እነሱ ነዎት።»

ስወጣ ጫማዬን አዙሬ አድርጌ ነበር፤ መንገድ ላይ ነው ያወቅኩት።

እኔ ነገር ሲምታታብኝ እጄ ሥራ ይፈልጋል። በማግስቱ ጠዋት፣ ወንዶቹ ሥራ ላይ ሳሉ፣ ከጎረቤታችን አናጢ መጋዝ ተውሼ መጋዘኑን ከፈትኩ። መጋረጃውን ፈትቼ በድሮው ምስማር ላይ መለስኩት። ከዚያ ከመምቻዎቹ አንዱን፣ የተወለወለውንና የቀበሌው ሰው የሚወደውን፣ ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩና ከጭራው ቆረጥኩት። መጋዙ ያለቅሳል፣ መጋረጃው ወዲያ ያለችው የስፌት መኪና ጸጥ ብላለች። ለምን እንደቆረጥኩት ብትጠይቁኝ አላውቀውም። እሷን የወጋው እሱ ስለሆነ ይሆናል። አስቤበት ነው ብል ውሸት ነው።

ማታ ሲመጡ ቤቱ ቀውጢ ሆነ።

«የማኅበር ንብረት ማውደም ነው ይሄ!» አለ የቀበሌው ሰው፣ ቁራጩን እንደ ሞተ ሕፃን በሁለት እጁ ይዞ። «ግምገማ ይደረግ!»

ግምገማ ተደረገ። በየተራ ሂስ አቀረቡብኝ። አንዱ ሊቀመንበሯ ስሜታዊ ናቸው አለ። አንዱ ሊቀመንበሯ ጨዋታውን አያውቁትም አለ፤ ይህ እውነት ነው። አማቼ ሲደርሰው፣ «እኔ... ማታ የምገባው ልጃቸው ዘንድ ስለሆነ ሂሴን ይዤዋለሁ» ብሎ አሳቃቸው።

«እንግዲህ እማማ፣ ግለ ሂስ ያድርጉ» አለ የቀበሌው ሰው።

«አደርጋለሁ። ጥፋቴ እስከ ዛሬ ሳልቆርጠው መቆየቴ ነው።»

«እማማ፣ በድምፅ ብልጫ እኮ ነው የተወሰነው!»

«አንተ የስብሰባ ልጅ፣ ስማኝ። ከመጋረጃው ወዲህ ያለ ሰው ከመጋረጃው ወዲያ ባለ ሰው ላይ እጅ ያወጣል? እሷ እጅ የላትም? ወይ እጇን ቁጠሩ፣ ወይ መጋረጃውን ተዉት። ሁለቱንም እምቢ ካላችሁ ጠረጴዛችሁን ተሸክማችሁ ውጡልኝ፤ አገባቡን ታውቁታላችሁ፣ ሲወጣም በዚያው ነው።»

የቀበሌው ሰው ለቃለ ጉባኤው ቃል ሲፈልግ፣ አማቼ አጭሩን ዘንግ አነሳ። ለምን እንዳነሳው እሱም ያወቀ አይመስለኝም፤ እጁ ሥራ ፈት ሆኖ ይሆናል። በመጋረጃው በኩል ቆሞ አጎነበሰ፣ ክርኑን ሳበ፣ መታ። መጋረጃው አልተነቃነቀም። ኳሱ ዞሮ ዞሮ ጥጉ ላይ ገባ።

«ገባ እኮ!» አለ አንዱ።

«ዕድል ነው» አለ የቀበሌው ሰው። «ወዲህ በለው።» እሱም ሞከረ። እንደገና ሞከረ። ከዚያማ ግምገማው እንደተከፈተ ቀረ፤ ማንም አልዘጋውም። በመጋረጃው በኩል ያለ ሰው በአጭሩ እንዲመታ ተስማሙ፤ ልብስ ሰፊዋ የማኅበሩ አባል እንድትሆንም ተስማሙ፤ መዋጮዋ የጠረጴዛው ጨርቅ ሲቀደድ መስፋት ሆነ። ለአከራዩ እንደማትወጣ ራሴ ሄጄ ነገርኩት። መስኮቱ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ መዝሙሩም ተመለሰ።

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ እኔም እንደተረታሁ ሳላውቅ እሞት ነበር።

በመስከረም፣ ጭቃው ሲደርቅ፣ ስብሰባ ተጠራ። ልብስ ሰፊዋ አባል ከሆነች የመጀመሪያዋ ስብሰባ ነው። ነጠላ ሳትለብስ፣ ጸጉሯን በሻሽ አስራ፣ ከመጋረጃው ጠርዝ ቆመች። የቀበሌው ሰው ሌላ ሐሳብ ያለው ብሎ ሲጠይቅ እጇን አወጣች። ደስታዬ! ተናገሪ ልጄ እያልኩ በዓይኔ አበረታታኋት።

«ስለ በርበሬው ነው» አለች።

«የቱ በርበሬ?» አልኩ።

«የእርስዎ፣ እማማ። የሙሽራ ቬሎ እየሰፋሁ ነው። ነጭ ነው። ጆንያው ሲከፈት ብናኙ በመጋረጃው አናት ይመጣል። ትላንት ሁለት ጊዜ አጠብኩት። ሳሉም አለ።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች።

«እውነት ነው፣ ሊመታ ያጎነበሰ ሁሉ ያስነጥሳል» አለ አንዱ።

«እኔ የተሸነፍኩት በማስነጠስ ነው!» አለ አማቼ።

«በርበሬው ከዚህ ቤት ይውጣ የሚል እጁን ያውጣ» አለ የቀበሌው ሰው፤ ፊቱ እንደ በዓል በርቶ።

እጆች ወጡ። የእሷም ወጣ፣ ከትከሻዋ ከፍ ሳይል። ሁሉም እኔን ያያሉ። ክፍሉን ለሰጠኋቸው! መስኮቱን ላስመለስኩላት! ልቆጣ ነበር፣ ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን የትኛውን ቃል? መጋረጃ ወዲያ ያለ ሰው ይቆጠር ያልኩት እኔ ነኝ። ብናኝ ደግሞ መጋረጃ አያውቅም። እንደ ዘንጉ ጭራ ነው፣ አልፎ ይነካል። አየኋት። ልጅቷ የፈራች ትመስላለች፤ እጇን ግን አላወረደችም።

እጄን አወጣሁ። መጨረሻዋ እኔ ነበርኩ።

ጆንያዎቹን ያን ምሽት ወደ ቤቴ ወሰድናቸው። አማቼና የቀበሌው ሰው ተሸክመው ከፊቴ ይሄዳሉ፣ ያስነጥሳሉ፣ ይሰዳደባሉ። እኔ ባዶ እጄን ከኋላ እከተላለሁ፤ አሸንፌ እየሄድኩ ይሁን ተሸንፌ ልለየው እየሞከርኩ። ከመጋዘኑ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ይሰማኛል፤ መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ ተከተለኝ።