ከገዛው መኪና የተባረረው ሾፌር

ወንድሜን ሌባ ያለው ሰው ቢሆን ኖሮ ቤቱ ድረስ ሄጄ አንገቱን አንቄ እጠይቀው ነበር። ግን ሰው አይደለም። ኮምፒውተር ላይ የሚመጣ ቀይ ጽሑፍ ነው፤ ቀይ ጽሑፍ ደግሞ አንገት የለውም።

ታላቅ ወንድሜን ጋሼ ነው የምለው። የሥራ ባልደረቦቹ ግን «ቀበቶ» ይሉታል፤ በቆመ መኪና ውስጥ ምሳ ሲበላ እንኳ ቀበቶውን ስለማይፈታ። ዕድሜውን በሙሉ ተሳቢ ነድቷል። ሌላው ሾፌር ከጭነቱ ሥር ምን ምን እንደሚሸጉጥ አገር ያውቀዋል፤ እሱ ግን ወረቀት የሌላት አንዲት ካርቶን ጭኖ አያውቅም። አብረውት የጀመሩት ፎቅ ሠሩ። እሱ እኔ ጓሮ ያለችው ክፍል ውስጥ ይኖራል።

ወደዚያች ክፍል ያመጣው ስትሮክ ነው። ግራ እጁና ግራ እግሩ አልታዘዝ አሉት፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ መንዳት የለም አለው። ሞተሃል ቢለው ይሻለው ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ምግብ ሳስገባለት «አስቀምጪው» ከማለት ሌላ ቃል አይወጣውም። ወንድሜን ከነነፍሱ ልቀብረው ነው ብዬ ስንት ቀን አለቀስኩ።

ያስነሳው የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ሳቁ፤ እኔም ስቄያለሁ። ሊጠይቀው የመጣ አንድ የድሮ ባልደረባው ነው የነገረው፦ ጭነት ትቀበላለህ፣ ከከተማ ከተማ ታደርሳለህ፣ ነዳጅ ትሞላለህ፣ ሚዛን ትገባለህ። ጋሼ በከዘራው እያነከሰ ሄዶ በካርቶን የታሸገውን ኦርጅናል ከነደረሰኙ ገዛ። ሻጩ «አባቴ፣ ይሄን እኮ ሰው ሁሉ በነጻ ነው የሚገለብጠው» ቢለው «የሰው ላብ አልገለብጥም» ብሎ ተቆጣው። መሪም ገዝቶ ጠረጴዛው ላይ አሰረ። ክላቹን ጨዋታው ራሱ ይረግጥለታል።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ጠዋት ጠዋት ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ለብሶ ወንበሩ ላይ ይቀመጥ ጀመር። ሻይ ሳመጣለት «ቆይ ዳር ልያዝ» ይለኛል፤ መኪናውን ሳያቆም አንድ ጉንጭ አይቀምስም። ማንም በሌለበት መንገድ ፍሬቻ ያሳያል። «ለማን ነው የምታሳየው?» ስለው «አንቺ ዝም ብለሽ ተሳፈሪ» ይላል። አፉ ተፈታ፤ ነገረኛነቱም አብሮ ተመለሰ።

ጨዋታው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አላመነውም። ብቻውን የሚጫወት ሰው ምን ሊያደርግለት እንደሆነ እንጃ፣ በከፈተው ቁጥር ኢንተርኔት አምጣ ይለዋል። ኔትወርክ ሲቋረጥ መታጠፊያ መሃል ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። አብሮት ሳይፈቀድለት የገባ ዘበኛ ፕሮግራም ደግሞ አለ፤ ሌባ ፍለጋ ኮምፒውተሩን ሲበረብር ይውላል፣ ኮምፒውተሩም ይንቀራፈፋል። እኔ የጫማ ሱቅ አለኝ። ከእኔ ጫማ የገዛ ሰው ቤት በየጠዋቱ እየሄድኩ «እስቲ እግርህን አሳየኝ፣ ሰርቀኸው እንዳይሆን» ብል ምን እባላለሁ? እብድ ናት ተብዬ በድንጋይ እባረራለሁ። እነሱ ግን ጥበቃ ይሉታል።

ጋሼ አንድ ስህተት ሠራ፤ እሱም ሾፌር ብቻ የሚሠራው ስህተት ነው። ከባድ ማሽን ወደብ ለማድረስ ረጅም ጉዞ ጀምሮ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ ኮምፒውተሩ ማጓራት ጀመረ። ጥሩ ሾፌር ዕቃ እስኪሰበር አይጠብቅም፤ የደከመውን ቀድሞ አውጥቶ አዲስ ያስገባል። ጋሼም ሰፈራችን ያለውን ኮምፒውተር ጠጋኝ አስጠራ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ገና ይሠራል። ለምን ያስወጡታል?»

«ቁልቁለት ላይ ሲሞትብኝ ልቀይረው? ቀይር!»

መጀመሪያ ዲስኩን አስቀየረ። ሰንበት ብሎ ሜሞሪውን። በመጨረሻ ማዘርቦርዱን። ዘበኛው ለካ ዕቃ በተቀየረ ቁጥር ጨዋታው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተጫነ እያለ ይቆጥር ኖሯል። ማዘርቦርዱ ገብቶ ሲከፈት ያ ቀይ ጽሑፍ መጣ። በባዕድ ቋንቋ ስለሆነ ጋሼ ወደ ጠጋኙ ዞረ።

«ምን ይላል?»

ጠጋኙ ተረጎመለት። «ከተፈቀደው በላይ ብዙ ቦታ ተጭኗል… ሕገወጥ ኮፒ መጠቀም ወንጀል ነው ይላል።»

«ማን? እኔ?»

ከዚያ ያደረገውን ሳስብ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ደረሰኙን ከመሳቢያው አውጥቶ፣ ትራፊክ እንዳስቆመው ሰው ለስክሪኑ ዘርግቶ አሳየው። ጠጋኙም እኔም መሬት መሬት አየን።

ለኩባንያው ኢሜይል ጻፍን። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ፦ «እኔ ሌባ አይደለሁም። ኮምፒውተሬ አንድ ነው። የቀየርኩት ዕቃ ነው።» የካርቶኑንና የደረሰኙን ፎቶ አያያዝን። መጀመሪያ «ስላነጋገሩን ደስ ብሎናል» የሚል መልስ መጣ። ቆይቶ ደግሞ ይህ ጨዋታ ስላረጀ እንደማይመለከታቸው፣ አዲሱን እንዲገዛ፣ የድሮው ጉዞው ግን ወደ አዲሱ እንደማይተላለፍ ነገሩን። እዚያም ላይ ደስ ብሏቸዋል። ደስታ ይንሳቸው!

ጋሼ መላጨት ተወ። ፊቱን እንደገና ወደ ግድግዳ አዞረ።

ጠጋኙ አዘነለትና በር ላይ ጠጋ ብሎ «እትዬ፣ ዘበኛው የወጣለት ክራክ አለ። ሁሉም የሚጫወተው በእሱ ነው» አለኝ። ጋሼ ተኝቷል ብለን ነበር። «ኮንትሮባንድ እኔ ክፍል አይገባም!» ብሎ ጮኸ። ከሰነበተበት ዝምታ ያወጣው ቃል ይኸው ብቻ ነበር።

ቃሉን አከበርኩ። ግን ሰውነቱ እያለቀ፣ ያስገባሁት ምግብ እንዳለ እየተመለሰ ሲመጣ ማክበሬ ለማን ነው አልኩ። ለእግሩ ሕክምና በሄደበት ጠጋኙን ጠርቼ አስጫንኩት። ኃጢአት ከሆነ በእኔ ይጻፍ፤ ያም ቢሆን መጀመሪያ የእነሱ ይጻፍ።

ሲመለስ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። ኢንተርኔት የጠየቀ የለም፤ ማንነቱን የጠየቀ የለም። ኮምፒውተሩ እንደዚያ ፈጥኖ አያውቅም። መኪናው ማሽኑን እንደጫነ፣ ትቶት የሄደበት ቦታ ላይ ቆሟል።

«ከየት መጣ?» አለኝ።

«ያው ጠጋኙ ልጅ ያለው ነው።»

«ደረሰኝ ይዤ ስመጣ ሌባ አሉኝ። በሌባ በር ስገባ መንገዱን ለቀቁልኝ» አለና ሞተሩን አስነሳ።

አሁን ይላጫል፣ ይበላል፣ ይነዳል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን አርሬአለሁ። በፊት ጎረቤት ሲመጣ «ግቡ፣ ግቡ፣ ዳገቱን ልወጣ ነው!» እያለ ከጎኑ ያስቀምጥ ነበር። ትናንት ጎረቤታችን መሰላል ሊዋስ መጥቶ በሩን አንኳኳ። ጋሼ ደንግጦ ደህናውን እጁን ከመሪው አነሳና ስክሪኑን አጠፋ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፤ ዝም በይ ማለቱ ነው።