ባትሪውን ስፈትሽ የገጠመኝ

ይህ የሆነው አምና ክረምት ነው። ዛሬም ሰው «ባትሪው ይይዛል?» ብሎ ሲጠይቀኝ ያ ቀን ይመጣብኛል።

የምኖረው ላሊበላ ነው፤ ሥራዬ ሶላር መጠገን። ያን ቀን መብራት ያልገባላት አንዲት የደጋ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። የጣቢያዋ አራት የሶላር ባትሪዎች ያለ ፀሐይ ስንት ሰዓት እንደሚቆዩ ለማወቅ ከረፋዱ ጀምሮ የፓኔሉን ገመድ ነቅዬ እየጠበቅኩ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ገበሬ የአራት ዓመት ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ እየሮጠ ገባ። ሰብለ ትባላለች። የሳንባ ምች ይዟት ከንፈሯ ጠቁሯል። ነርሷ ሲስተር አልማዝ ወዲያው የኦክስጅን ማሽኑን ከፈተችና ወደ እኔ ዞረች።

«ይይዛል?»

«አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነው፤ የመጣሁት ያንኑ ላውቅ ነበር።

ሮጬ የፓኔሉን ገመድ መለስኩ። ሰማዩ ግን ጠቁሮ በረዶ መውረድ ጀምሯል፤ ከፓኔሉ ጠብ የሚል ነገር የለም። ፍሪጁንም አምፖሉንም አጠፋን። አምቡላንስ ተጠርቷል፤ መንገዱ ግን ጭቃ ነው። ጥቂት ቆይቶ ከባትሪው ኃይል ተቀብሎ ለማሽኑ የሚሰጠው ኢንቨርተር ይጮህ ጀመር። ባትሪው ሊያልቅ ነው።

ባትሪዎቹን በእጄ ዳሰስኩ። አንዱ ይፋጃል። የሌሎቹን ኃይል የሚጨርሰው እሱ ነበር። ሦስቱ የተያያዙት በእሱ በኩል ስለሆነ፣ እሱን ለማውጣት ሁሉንም ማጥፋት ግድ ነው።

«ሲስተር፣ ለሁለት ደቂቃ ላጥፋው?»

ልጅቷን አየች። አባትየውን አየች። በእጅ የሚጨመቀውን የመተንፈሻ ፊኛ አንስታ የልጅቷ አፍና አፍንጫ ላይ ገጠመች።

«አጥፋው። ቶሎ በል!»

አጠፋሁት። የበረዶው ድምፅ ብቻ ቀረ። ስቸኩል መፍቻው ከእጄ አመለጠኝ። አባትየው ተንበርክኮ አነሳልኝና፣ «በርታ ወንድሜ፤ እኔ ምን ልያዝልህ?» አለኝ። ገመዱን አስያዝኩት። ብሎኑን ፈታሁ፣ የተበላሸውን ጎትቼ አወጣሁ፣ የቀሩትን አገናኘሁ። ማብሪያውን ስጫን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

ማሽኑ ተነሳ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አምቡላንሱ እስኪደርስም አልቆመም።

በቀደም ቅዳሜ ገበያ መሐል አንድ ሰው እጄን ያዘኝ። አባትየው ነው። ሰብለ ከጎኑ ቆማ ቆሎ ትቆረጥማለች።

«ሰብልዬ፣ ያኔ ማሽንሽን ያጠፋብሽ ሰውዬ ይኸውልሽ!» ብሎ ሳቀ።

እሷ ከቆሎዋ ዘግና ሰጠችኝ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ቆሎውን በመዳፌ እንደያዝኩ፣ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ ቆምኩ።