ስድሳ ቀን አለዎት

አምቦ የታሰርኩበት ክፍል በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት የሰው እግር ነው። ጠባብ ስለነበር እግር የሚዘረጋው በተራ ነው። ላብና በርበሬ ይሸታል። ተማሪዎችን ለሰልፍ አነሳስተሃል ብለው ነው ያመጡኝ። የሕግ መምህር መሆኔ ሲሰማ ግን ከግድግዳው ሥር ጥሩው ቦታ ተለቀቀልኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። ነገሩ የጀመረው ከዚያች ደስታ ይመስለኛል።

በማግስቱ ከእንጭኒ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አጠገቤ ተቀመጡ። ሁላችንም በኦሮምኛ አክብረን ኦቦ ነበር የምንላቸው። መንገድ በድንጋይ ዘግተዋል ተብለው ሦስት ዓመት ከተፈረደባቸው ስምንተኛ ቀናቸው ነበር።

"ባርሲሳ፣ ይግባኝ ቀን አለው ወይ?" አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው።

"ስድሳ ቀን አለዎት፤ አይቸኩሉ። እኔው እጽፍልዎታለሁ።"

"ገለቶሚ" ብለው አመስግነው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

እውነቱን ለመናገር እርግጠኛ አልነበርኩም። የማስተምረው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ነው፤ የወንጀሉን ከገለጥኩ ዓመታት አልፈዋል። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የማሰለቻቸው በአንድ ነገር ነበር፦ የሕግ ኢንሳይክሎፒዲያ መነሻ ነው፤ ሐሳቡን ከዚያ ያዙና ወደ ራሱ ሕጉ ሂዱ፤ አለመሻሻሉን ሳታዩ አፋችሁን አትክፈቱ። ባለቤቴ በየቀኑ ምሳ ታመጣለች፤ መጽሐፍ ላኪልኝ ማለት እችል ነበር። ያ ሁሉ ሰው አፍ አፌን እያየ "መጀመሪያ ላንብብ" ማለት ግን አሳፈረኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኢንሳይክሎፒዲያውን አስመጣሁ። ለማጣራት አልነበረም። በኦቦ ማመልከቻ ላይ የተማረ ሰው ቃል ጣል ጣል ላደርግበት ነው። ፖሊሱ ወፍራሙን መጽሐፍ አገላብጦ፣ "ይሄ ሁሉ ሕግ ነው? ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?" አለና እየሳቀ ሰጠኝ። ከሥሩ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ነበር። እሱን አላዘዝኩም። ለኦቦ ይግባኝ መሆኑን ነግሬያት ስለነበር፣ ባለቤቴም ኢንሳይክሎፒዲያውን ያለ ሕጉ እንደማላነብ ስለምታውቅ አብራ ልካዋለች።

"ይግባኝ" የሚለውን ርዕስ ከፈትኩ። ጊዜው እንደየአገሩና እንደየጉዳዩ ስለሚለያይ ሕጉን ይመልከቱ ይላል። ተመለከትኩ። በወንጀል ይግባኝ የሚል ሰው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ማስታወቅ አለበት። ስድሳው የፍትሐ ብሔሩ ነው። ኦቦ ያን ቀን ሃያ ሁለተኛ ቀናቸው ነበር፤ ሲጠይቁኝ ግን ሰባት ቀን ቀርቷቸው ነበር።

መጽሐፉን ዘግቼ ዝም ማለት አማረኝ፤ እስከ ምሳ ድረስም ዝም አልኩ። ከምሳ በኋላ ሁሉም እንዲሰማ ተነሥቼ ቆምኩ።

"ኦቦ፣ ጊዜው አልፏል። ሳላነብ ነው የነገርኩዎት።"

እሳቸው መዳፋቸውን አዩ።

"መጽሐፉ ቤትህ ነበረ?"

"ነበረ።"

"እሺ። ጻፍ።"

ጊዜው ያለፈበት ይግባኝ ማስፈቀጃ ጻፍኩ። ጥፋቱ የእሳቸው አለመሆኑን፣ የሕግ መምህር ሆኜ ሳላጣራ የነገርኳቸው እኔ መሆኔን ከነሙሉ ስሜ አሰፈርኩ። በአማርኛ፣ ቀጥሎም በኦሮምኛ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ለክፍሉ ሁሉ አነበብኩት። ኦቦ በጣታቸው ፈረሙ። እኔም ዕቃዬን አንሥቼ ከግድግዳው ሥር ወደ በሩ አጠገብ ተዛወርኩ፤ ቦታዬን እንዲወስዱ ብለምናቸው እምቢ አሉኝ።

ፍርድ ቤቱ አልፈቀደም። እኔ ያለ ክስ ተፈታሁ፤ እሳቸው ቀሩ።

ዛሬም አስተምራለሁ። ተማሪ ሲጠይቀኝ፣ የማውቀውን እንኳ ቢሆን፣ "ቆይ ልይ" ብዬ ወደ መደርደሪያው እሄዳለሁ። ጥንቁቅ ነው ብለው ያመሰግኑኛል። እኔም ምክንያቱን አልነግራቸውም።

ኦቦ ፍርዳቸውን ጨርሰው ቤታቸው መግባታቸውን ሰምቻለሁ። አንዳንዴ ለሥራ በእንጭኒ በኩል ሳልፍ ሚኒባሱ ሰው ለማውረድ ገበያው አጠገብ ይቆማል። እስካሁን አንድም ቀን አልወረድኩም።